የጓሮው ጥጥ ይቆጠርልን

የጥጥ ዝርያዎች በዘር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማጥናት የተነሣ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ እጁን የሚሰደው ወደ ምርምር ማዕከል መጋዘን ነው። ዴልታፓይን 90፣ አካላ፣ ስታም 59ኤ፤ ከረጢቱ ላይ ስሙ ተጽፏል፣ ዘሩ ንጹሕ ነው፣ ሥራው ይፈጥናል። ውጤቱ ግን ብዙም አያስደንቅም። ሁሉም አፕላንድ ከሚባለው ከመካከለኛው አሜሪካ ከተገኘ ጥጥ የወጡ ናቸው። ይህ አንድ ወገን ከዓለም የጥጥ ምርት 90 በመቶውን ያህል ይሸፍናል፤ የተሻሻሉት ዝርያዎቹ የዘር መሠረት ግን ጠባብ ነው። የአንድ ቤት ልጆችን አሰልፎ ማን ከማን ይለያል ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

እኔ ጥናቱ ከጓሮ ይጀምር ባይ ነኝ። ከአሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ባምባሲን እንውሰድ። ወረዳው ውስጥ በርታው አለ፣ ማኦው አለ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥቶ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች የሰፈረው አለ። ዘር ደግሞ ከሰው ጋር ይጓዛል። ከማንጎው አጠገብ ዓመት ከዓመት ሳይነቀል ቁጥቋጦ የሆነ ጥጥ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ምርቱን አይደለም፤ ከየት እንደመጣና ማን እንደሚፈትለው ነው።

የሰው ልጅ ያላመዳቸው የጥጥ ወገኖች አራት ናቸው። ሁለቱ የአሜሪካ፣ ሁለቱ የአፍሪካና የእስያ። አፕላንዱን ከአፍሪካና ከእስያዎቹ ለመለየት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ አበባውን ማየት ይበቃል። የአፕላንዱ አበባ ነጣ ያለ ነው፣ በማግስቱ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ከሥሩ ያሉት ሽፋን ቅጠሎች ረጃጅም ቀጫጭን ጥርስ አላቸው። በጥንቶቹ የአፍሪካና የእስያ ጥጦች ላይ የሽፋኑ ጥርስ አጭር ነው ወይም ጭራሽ የለም፤ ብዙውን ጊዜም አበባው ውስጥ ቀይ ነቁጥ ይታያል። ጥጡን የያዘው ፍሬም አነስ ይላል። እነዚህ ጥንታዊ ጥጦች ለአካባቢያችን እንግዳ አይደሉም፤ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን በዓባይ ሸለቆ የነበሩትን የኖባ ሰዎች ወግቶ ባስቀረጸው ጽሑፍ የእህልና የጥጥ ክምችታቸውን እንዳጠፋ ይናገራል። ያ ጥጥ ከአሜሪካ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ በዓባይ ሸለቆ ጥጥ ከኮሎምበስ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ሰብል ነበር ማለት ነው።

የላቦራቶሪው መሣሪያ የቃጫ ርዝመትና ጥንካሬ ይለካል፤ ፈታዮች ግን ቀድመው ለክተውታል። አንዲት የወሎ እናት ከሁለት ዛፍ የለቀምነውን ጥጥ በብረት መዳመጫቸው ዳምጠው፣ ቆንጠር አድርገው በሁለት እጃቸው ሳብ አደረጉና «ይኼ ለማግ ይሁን ልጄ፤ ለድር ብታደርገው ይበጠስብሃል» አሉኝ። ሁለተኛውን ሲስቡት ጣታቸው ላይ ሙጭጭ አለ። «ይኼ ይፈተላል» አሉ። ድር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚጎተት አጭር ቃጫ አይችለውም፤ ማግ ግን ውጥረት የለበትም። እንዲህ ያለው ፍርድ በመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ ቦታ የለውም። ሊኖረው ይገባል።

ወገኑን ማወቅ ሌላም ጉዳይ አለው። ጓይ ትልን እንዲቋቋሙ በዘረመል ምሕንድስና የተሠሩ ሁለት የሕንድ ዲቃላ የጥጥ ዝርያዎች በ2010 ዓ.ም. ለአገራችን ተፈቅደዋል። ጥጥ በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ ቢራባም ንብ ብናኙን ከማሳ ማሳ ታደርሳለች። አፕላንድ 52 ክሮሞዞም አለው፣ ጥንታዊዎቹ 26፤ ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ የሚወለደው መካን ነው። ስለዚህ በጓሮ ያለው ጥንታዊው ጥጥ በዚህ በኩል የተጠበቀ ነው። የጓሮው ተክል የአፕላንዱ ወገን ከሆነ ግን ይዳቀላል። እኔ ቴክኖሎጂውን አልቃወምም፤ ትል የበላው ማሳ ማየት ደስ አይልም። ነገር ግን ከመዳቀሉ በፊት የነበረው ካልተሰበሰበ በኋላ ምን ተለወጠ ብሎ ማወዳደር አይቻልም። በዚያ ላይ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል፤ የጓሮው በነጻ ይወረሳል፤ ቁጥቋጦው አንዴ ከተነቀለ ግን የሚወረስ አይኖርም።

ለወረዳ ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ዘር ከማከፋፈላችሁ በፊት የየቀበሌውን የጓሮ ጥጥ ዙሩ። ከእያንዳንዱ ዛፍ የለቀማችሁትን ለየብቻ አድርጉ፤ በአንድ ከረጢት ከተደባለቀ ልዩነቱ እዚያው ጠፋ። በጥላ አድርቁት። ባለቤቱ የሚጠራበትን ስም በራሱ ቋንቋ ጻፉ፣ ለድር ነው ለማግ ብላችሁ ጠይቁ፣ አበባውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ አሶሳ ላለው የብዝሃ ሕይወት ማዕከል አስረክቡ። የዲ ኤን ኤ ምርመራው በኋላም ይደርሳል፤ ቁጥቋጦውን ግን ዘንድሮ ለማገዶ ሊቆርጡት ይችላሉ።