ባንግላዲሽ፦ ከአውሎ ነፋስ የተረፈውን ገበሬ ጨው ሲያፈናቅለው

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ቦላ የተሰኘው አውሎ ነፋስ የዛሬዋን ባንግላዲሽ የባሕር ዳርቻ ሲመታ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሕዝብ አለቀ። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲደርስ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው የሟቾች ቁጥር ወደ 3 ሺህ 400 ነበር። ይህም ቢሆን መራራ ኀዘን ነው፤ ልዩነቱ ግን በዕድል የመጣ አይደለም።

አገሪቱ በ1972 ከቀይ መስቀል ጋር ያቋቋመችው የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት መርሐ ግብር ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ በድምፅ ማጉያ መንደር ለመንደር ይለፍፋሉ፤ አቅመ ደካሞችን በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ወደቆሙ መጠለያዎች ያደርሳሉ። በ1991ዱ አውሎ ነፋስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ሞተው ነበር፤ ያለ ባል ፈቃድ ከቤት መውጣትን፣ ከባዕድ ወንዶች ጋር ተጨናንቆ ማደርን ፈርተው የቀሩ ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ ከበጎ ፈቃደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ነፍስን ማትረፍ እንዲህ ሲሳካ ማሳን ማትረፍ ግን አልተቻለም። በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ በኩልናና በሳትኪራ የአፈር ግድቦችን ደረመሰ። የባሕር ውኃ በአንዳንድ መንደሮች ከዓመት በላይ ተኝቶ ከረመ። የሩዙ ማሳ ጨው ሆነ፤ የመጠጥ ኩሬው ተበላሸ፤ ብዙዎችም ወደ ከተማ ተሰደዱ።

ለዚህ ተጠያቂው የባሕሩ ከፍ ማለት ብቻ አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተሠሩት ግድቦች የባሕሩን ሙላት ሲያግዱ ወንዞች የሚያመጡትን ደለልም አገዱ። ደለል ያጣው ማሳ ዝቅ አለ፤ ከግድቡ ውጭ ያለው የወንዝ ወለል ደግሞ በደለል ተሞልቶ ከፍ አለ። በዚህ የተነሣ ግድቡ አንዴ ሲሰበር የገባው ውኃ መውጫ ያጣል።

ገበሬዎቹ ራሳቸው የዘየዱት መላ አለ፦ ግድቡን በአንድ ቦታ ሆን ብሎ መክፈትና ደለሉ ለጥቂት ዓመታት እየገባ መሬቱን እንዲያነሣው መተው። መሐንዲሶችም ኋላ ላይ ተቀብለውታል። ችግሩ በእነዚያ ዓመታት ማሳው በውኃ ሥር የሚውለው ገበሬ የሚበላው ነው። ባንግላዲሽ ለዓለም የካርቦን ልቀት የምታዋጣው ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ በ2022 በሻርም ኤል ሼክ የተስማሙበት የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ የታሰበውም እንዲህ ላሉ አገሮች ነበር። ካሳው ሲዘገይ ወይም ሲቀር፣ ግድቡ በማሳው በኩል እንዲከፈት የሚስማማ ገበሬ ማግኘት አዳጋች ይሆናል።