ኩርሙክ፦ የወንዙ ወዲህና ወዲያ

ከአሶሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኩርሙክ ይደርሳል። ኩርሙክ የሚባሉት ከተሞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ሌላው በሱዳኑ ብሉ ናይል ግዛት። የሚለያቸው ወንዝ አገሬው በዓረብኛ «ኾር» የሚለው ነው፤ ክረምት ሞልቶ ይወርዳል፣ በጋ አሸዋ ይሆናል። በሁለቱም ዳር የበርታ ሕዝብ አለ፤ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዘመድ።

አገሩ የወርቅ አገር ነው። ግብፆቹ፣ በኋላም የሱዳን መሐዲስቶች ዓይናቸውን የጣሉበት በዚህ ምክንያት ነበር። በ1890 ዓ.ም ራስ መኮንን ዘምተው ቤኒሻንጉልን ለአፄ ምኒልክ አስገበሩ። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ ሆነው የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በይፋ የሆኑትም በዚያው ዓመት ነው፤ ስለዚህ ቤኒሻንጉል ከአዲሱ ሰንደቅ ጋር እኩያ ናት ቢባል አይበዛም።

ድንበሩ ቆየት ብሎ መጣ። አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። በዓመቱ እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት መሬት ላይ ወርዶ መስመሩን አበጀ። ከመስመሩ ማዶ ደግሞ እንግዳ ነገር ነበር፤ ሱዳንን በጋራ ለመግዛት በ1891 ዓ.ም በተደረገው ስምምነት መሠረት የእንግሊዝና የግብፅ ባንዲራ ጎን ለጎን ይሰቀሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰንደቁ ቶሎ ቶሎ ተለዋወጠ። በ1932 ዓ.ም ጣሊያን ከወዲህ ተሻግሮ የሱዳኑን ኩርሙክ ያዘ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነስተው፣ ከዚህ በስተሰሜን በዲንደር ወንዝ አጠገብ ባለችው ኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ሰቀሉ። ወር ሳይሞላ የእንግሊዝ ጦር ኩርሙክን አስመለሰ፤ በመጋቢት መጀመሪያ የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች አሶሳ ገቡ። የአምስት ዓመቱ ወረራ በእነዚህ ትናንሽ የድንበር ከተሞች በኩልም መፈታቱን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም፤ ሊታወስ ግን ይገባዋል።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነፃ ስትወጣ የሰቀለችው ሰንደቅ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነበር፤ ሰማያዊው ዓባይ፣ ቢጫው በረሃው፣ አረንጓዴው እርሻው። በ1962 ዓ.ም ያ ሁሉ ቀረና የዛሬው ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁርና አረንጓዴ መጣ። ከአገር ገጽታ ወደ ዓረብ አብዮት ቀለም መሸጋገሩ ለካርቱም ትልቅ ትርጉም ነበረው። ለበርታ ገበሬ ግን የፊተኛው የሚቀርበው ይመስለኛል፤ ወንዝና እርሻ የዕለት ኑሮው ነውና።

በ1980 ዓ.ም ካርቱምን የሚወጋው የጆን ጋራንግ የሱዳን ሕዝብ ነፃነት ንቅናቄ ጦር የሱዳኑን ኩርሙክ ያዘ፤ በሳምንታት ውስጥ ተነጠቀ። ጥር 1989 ዓ.ም እንደገና ያዘውና እስከ 1997ቱ የሰላም ስምምነት ድረስ ቆየበት። ደቡብ ሱዳን ተገንጥላ የንቅናቄውን ሰንደቅ የአገር ሰንደቅ ስታደርገው፣ ኩርሙክ ከሱዳን ጋር ቀረች። ከተማዋ የተዋጋችለት ባንዲራ የሌላ አገር ሆነባት። በ2003 ዓ.ም ነሐሴ መጨረሻ ውጊያው ዳግም ተቀሰቀሰ፤ በ2004 ዓ.ም ጥቅምት ላይ የካርቱም ጦር ገባ።

በእያንዳንዱ ዙር ሕዝቡ ኾሩን ይሻገራል። የሸርቆሌ መጠለያ በ1989 ዓ.ም፣ የጾሬ በ2007 ዓ.ም የተከፈቱት እንዲህ ነው፤ የ2015ቱ የሱዳን ጦርነት ደግሞ የኡራን መጠለያ ጨመረ። መንገዱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ በዚሁ ክልል በመተከል ዞን ግጭት ጊዜ በ2013 ዓ.ም ኢትዮጵያውያንም ሸሽተው ብሉ ናይል ገብተዋል።

የሰንደቅ ዓላማው አዋጅ ቁጥር 654/2001 አረንጓዴውን የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫውን የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩን የመሥዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት ይለዋል። እኔ ኩርሙክ ላይ ከሦስቱ ከባዱን ሸክም የተሸከመው ቢጫው ነው እላለሁ። ቀዩን ያየነው በየውጊያው ነው፤ አረንጓዴው በየክረምቱ በራሱ ይመጣል። የቢጫው ቃል የሚፈተነው ግን የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የፈቀደው የሥራና የትምህርት መብት ጾሬ ላለ ወጣት እጁ ላይ ሲደርስ ነው።