መኪናም እንደ ስልክ ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ መኪና ነው። ስለ መኪና ሲባል ግን ስለ ሶኬትና ስለ ቆጣሪም ጭምር ነው።

ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ ሰፈራችን የመጣ አንድ እንግዳ ሁለት አፍ ያላት መኪና ይዞ ነበር። በአንዱ ቤንዚን ይቀዳባታል፤ በሌላው የኤሌክትሪክ ገመድ ይሰካባታል። ስሟን ስንጠይቀው “ፕላግ ኢን ሃይብሪድ” አለን። እኔም የሳይንስ መምህራችንን ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ።

1. ሃይብሪድ ማለት ምንድን ነው?

ሃይብሪድ መኪና የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም አለው። ተራው ሃይብሪድ ሶኬት አያስፈልገውም፤ ባትሪውን የሚሞላው ራሱ ነው። ለምሳሌ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይሠራና ባትሪውን ይሞላል። ፕላግ ኢን የሚባለው ግን ባትሪው ተለቅ ያለ ስለሆነ ከውጭ በሶኬት ይሞላል። ካልተሰካ ዞሮ ዞሮ በቤንዚን ነው የሚሄደው። ስለዚህ የዚህ መኪና ጥቅሙ ያለው ቤት ውስጥ ሶኬት ላለው ሰው ነው።

2. ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። አንድ ሶኬት 10 አምፒር ቢሰጥ፣ 220 × 10 = 2,200 ዋት ይሆናል። የመኪናው ባትሪ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ማታ ተሰክቶ ቢያድር ሲነጋ ሞልቶ ይገኛል። በዚያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የቀረውን በቤንዚን ይጨርሳል። እንደኛ አገር ውርጭ ሲሆን ደግሞ ባትሪው ቀስ ብሎ ይሞላል፤ የሚሄደውም ርቀት ያንሳል።

3. እኛን ምን አገባን?

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ፣ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ መወሰኑን ተናግረዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ ነገ ወደ መንዝም፣ ወደ ግሼም፣ ወደ መርሐቤቴም የሚመጣው መኪና ሶኬት የሚፈልግ ነው። ግድቡ አለ፤ መኪናውም እየመጣ ነው። በመሃል ያለው የቤታችን ቆጣሪ ነው።

እኛ ግቢ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩት በተራ ነው። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከተጣደ ብሬከሩ ይወርድና ግቢው በሙሉ ይጨልማል። መኪና ከምጣድ ያነሰ ቢስብም ለ5 ሰዓት አይነቀልም። ታዲያ እትዬ ጎረቤታችን ሊጡን ምን ያድርጉት?

ሒሳቡም አለ። የመብራት ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ርካሽ ነው፤ ከዚያ በላይ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። ያቺ መኪና 5 ጊዜ ብትሞላ ብቻዋን 50ውን ትጨርሳለች። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። ሃምሳ ኪሎ ዋት ሰዓት ግን ለሦስት ቤት እንኳ አይበቃም። ባለመኪናው የሞላውን ባትሪ መኪና የሌለው ጎረቤቱ ይከፍልለታል። ስለዚህ መኪና ቤት ቻርጅ ከማድረግ በፊት ለየቤቱ የራሱ ቆጣሪ ይቅደም እላለሁ። መብራት ካልገባበት ቀበሌ የሚመጡ ጓደኞቻችን ስልካቸውን እንኳ በገበያ ቀን ሱቅ ከፍለው ነው ቻርጅ የሚያደርጉት። እነሱም ሊታሰቡ ይገባል።

4. ጥንቃቄ

መኪና በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሰካም፤ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መስመሩ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው፣ በባለሙያ የተዘረጋ ይሁን። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ እናንተ አትንኩት፤ ቶሎ ትልቅ ሰው ጥሩ። እርጥብ እጅማ በጭራሽ!

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ባትሪው 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢይዝና ሶኬቱ 2,000 ዋት ቢሰጥ በስንት ሰዓት ይሞላል? በመንገድ ላይ የሚባክነውን አትቁጠሩ። መልሳችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አስገቡ። እግረ መንገዳችሁንም በእናንተ ግቢ ስንት ቤት በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀም ቆጥራችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ቸር ያሰንብተን!