የመስጂዳችን ሰዓት ልክ ነው? ትክክለኛውን ጊዜና ቀን በአንድ መስመር ትዕዛዝ ከኢንተርኔት መጠየቅ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች በሰፈራችን መስጂድ ኢዕቲካፍ ገብተን ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ቆይቶም ተመለሰ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሶላት ሰዓት ማሳያ ስክሪንም አብሮ በራ። ስክሪኑ 10፡55 እያለ፣ እኛም ሰሁር እየበላን ሳለ፣ ከማዶ ካለው መስጂድ የፈጅር አዛን ተሰማ። «ዛሬ ምነው ቸኮሉ?» ተባባልን። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሀጂ የውሃ ብርጭቋቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ የማንኛችን ነው ልኩ?» አሉኝ። ዘግቼው የነበረውን ስልኬን ከፍቼ ሳየው 11፡29 ይላል። እነሱ አልቸኮሉም፤ የዘገየነው እኛ ነን። ስክሪናችን 34 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሀጂ ብርጭቋቸውን ዝም ብለው አስቀመጡ፤ ከረመዳን በኋላም ኡለማ ጠይቀው የዚያን ቀን ቀዷ አወጡ።

በማግስቱ ስክሪኑን ከሚከታተለው ወንድም ጋር ሆነን ስናየው ዕቃው አልተበላሸም። የሶላት ወቅቶቹም በትክክል ተሰልተዋል። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው። ይህን ደግሞ በአንድ መስመር ትዕዛዝ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማጣራት ይቻል ነበር። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ነው።

ኮምፒውተር ሰዓትን እንዴት ያውቃል?

አጭሩ መልስ፦ አያውቅም፤ ይቆጥራል። በውስጡ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል አለች። ሲጠፋም ቆጠራው እንዳይቋረጥ ሳንቲም የመሰለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትይዝለታለች። ክሪስታሏ ግን ፍጹም አይደለችም። ከሚሊዮን 20 ብቻ ብትስት እንኳ በቀን 1.7 ሴኮንድ ገደማ፣ በወር አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል። ባትሪዋ ካለቀች ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

ከብዙ ስክሪኖች ጀርባ ያሉት መዳፍ የሚያህሉ ርካሽ ኮምፒውተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት ጭራሽ የሌላቸው ናቸው። መብራት ሲሄድ መጨረሻ ላይ የመዘገቡትን ሰዓት ይዘው ይተኛሉ፤ ሲነቁ ከዚያው ይቀጥላሉ። ኢንተርኔት ካገኙ ወዲያው ራሳቸውን ያርማሉ። ካላገኙ ግን መብራት የጠፋበትን ጊዜ ያህል እንደዘገዩ ይቆያሉ። እኛን የገጠመን ይኸው ነው፤ መብራቱ ተመለሰ፣ ኢንተርኔቱ ግን አልተመለሰም።

ትክክለኛው ጊዜ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ አንድ ሴኮንድ የሚለካው በሲዚየም አቶም ሲሆን፣ 9,192,631,770 ንዝረት ማለት ነው። በተለያዩ አገሮች ያሉ የአቶም ሰዓቶች ውጤት ተደምሮ ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይወጣል። ይህን ሰዓት በኢንተርኔት ለኮምፒውተሮች የሚያደርሰው ኤንቲፒ የተባለ የመነጋገሪያ ሥርዓት ነው። የቀመረው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዴቪድ ሚልስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በሰነድ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎቼን እንዲህ እጠይቃቸው ነበር፦ «ልጅ ልከህ ከጎረቤት ሰዓት ብታስጠይቅ፣ ልጁ ተመልሶ የሚነግርህ ሰዓት ልክ ነው?» አይደለም፤ መንገድ ላይ የወሰደው ጊዜ አለ። ኤንቲፒ ይህንን ያሰላል። ጥያቄው የወጣበትን፣ የደረሰበትን፣ መልሱ የተላከበትንና የገባበትን አራት ጊዜዎች ይመዘግባል። ከዚያ የደርሶ መልስ መንገዱን ለሁለት አካፍሎ ልዩነቱን ያስተካክላል። በተለመደ ኢንተርኔት ላይ ስህተቱ ከሴኮንድ በጣም ያነሰ ነው።

በአንድ መስመር መጠየቅ

ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ በመፈለጊያው ቦታ ሲ-ኤም-ዲ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተርን ይጫኑ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ የትዕዛዝ መስመር የሚባለው ይህ ነው። ሊኑክስና ማክ ላይ ተርሚናል ይባላል። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

1. ከርል የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፉ፦ ሲ፣ ዩ፣ አር፣ ኤል።
2. ክፍት ቦታ ይተዉና ሰረዝ፣ ከሰረዙ ጋር ሳይራራቅ ትልቁን አይ ይጻፉ። ይህ «ገጹን አታምጣ፣ ራስጌውን ብቻ ንገረኝ» ማለት ነው።
3. አሁንም ክፍት ቦታ ይተዉና የአንድ ትልቅ የታወቀ ድረ ገጽ አድራሻ ይጻፉ፤ ኢንተር ይጫኑ።

ከሚመጡት መስመሮች መካከል «ዴት» ብሎ የሚጀምረውን ይፈልጉ። የዕለቱን ስም፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመትና ሰዓት እስከ ሴኮንዱ ይዟል። ድረ ገጾች መልስ ሲሰጡ ሰዓታቸውን አብረው መላክ የተለመደ አሠራራቸው ነውና እኛ የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። አልፎ አልፎ መሐል ላይ ያለ ማሽን ያቆየውን የድሮ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል በሁለት የተለያዩ ድረ ገጾች ማመሳከሩ ይሻላል።

አድራሻውን ከፊቱ ምንም ሳይጨምሩ እንዲሁ መጻፍም ጥቅም አለው። የኮምፒውተሩ ቀን በጣም ከተሳሳተ፣ የተመሰጠሩ ድረ ገጾች የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ ስለሚመስለው «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ አይከፍትም። ያለ ቅጥያ ሲጻፍ ግን ከርል በቅድሚያ በተራው መንገድ ይሄዳል።

በመስመሩ መጨረሻ ጂ-ኤም-ቲ የሚል ያያሉ፤ የግሪንዊች ሰዓት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ በ3 ሰዓት ይቀድማል። እኛ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ስለምንቆጥር 6 እንቀንሳለን። ስለዚህ አቋራጩ ቀላል ነው፦ ከሚያዩት ቁጥር 3 ይቀንሱ። 15፡10 ካለ በእኛ 12፡10 ምሽት ነው። 17፡00 ካለ 14 ይቀራል፤ 12 ሲቀነስለት 2፡00 ማታ ይሆናል። 1፡00 ካለ ደግሞ መቀነስ ስለማይቻል መጀመሪያ 12 ይደምሩ፤ 10፡00 ሌሊት ይመጣል።

ልዩነት ካገኙ ማረሙም በዚያው ነው። ዊንዶውስ ላይ የትዕዛዝ መስመሩን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው ደብሊው-32-ቲ-ኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ያዘመመ ሰረዝ፣ ከዚያ ሪሲንክ ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። አብዛኞቹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ታይም-ዴት-ሲ-ቲ-ኤል የሚለው ትዕዛዝ ሰዓቱን፣ የሰዓት ቀጠናውንና ከኢንተርኔት ጋር መመሳሰል አለመመሳሰሉን አንድ ላይ ያሳያል። «ኖ» የሚል ካዩ ስክሪኑ ብቻውን እየቆጠረ ነው ማለት ነው።

ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ሲሳሳት

ስህተቱ ልክ አንድ ወይም ሦስት ሰዓት ከሆነ ችግሩ ቆጠራው ላይ አይደለም፤ የሰዓት ቀጠናው ላይ ነው። አዲስ አበባና ሪያድ አንድ ሰዓት ይጋራሉ፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወንድምና እህቶች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ሰዓቷን የቀየረችው መጋቢት 9 ቀን፣ በረመዳን መካከል ነበር። የመስጂዱ ኮምፒውተር ቀጠና በትክክል ካልተሞላ በእንዲህ ያለ ሌሊት አንድ ሙሉ ሰዓት ይስታል።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተሩ የሚነግረን የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ ቀኑንም በእኩለ ሌሊት ይቀይራል። የሂጅራ ቀን ግን በመግሪብ ይገባል። ስልካችን ላይ የምናየው የሂጅራ ቀን አስቀድሞ በስሌት የተዘጋጀ ስለሆነ ጨረቃ ታየች ማለት አይደለም። ስለዚህ ለረመዳን መግቢያና ለዒድ የኡለማዎችን ማስታወቂያ እንጠብቅ፤ ማሽኑን ለደቂቃው እንጠቀምበት።

ኢንተርኔት ከሌለስ?

በስልክ ሆትስፖት ለጥቂት ደቂቃ ማገናኘት ይበቃል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ሞጁል ከኮምፒውተሩ ጋር ማያያዝ ነው። ዲኤስ 3231 የሚባለው ዓይነት በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚስተው። ይህም ካልተቻለ መብራት በተመለሰ ቁጥር አንድ ሰው ስክሪኑን ከስልኩ ጋር ያመሳክር። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ግን ጀመዓው አስቀድሞ ይወቅ።

በድሮ ዘመን ይህ ሥራ ባለቤት ነበረው። በትልልቅ መስጂዶች ሙወቂት የሚባል የሶላት ወቅት ጠባቂ ይመደብ ነበር። የደማስቆው ኢብኑ ሻጢር ለኡመዊያ መስጂድ የጥላ ሰዓት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1371 ገደማ ነው። ፀሐይና ከዋክብትን እየለካ ያጣራ ነበር እንጂ ግምቱን አላሳወጀም። ዛሬ ያንን ቦታ የያዘው ግድግዳ ላይ ያለው ስክሪን ነው፤ የስክሪኑ አማና ያለው ግን በማሽኑ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው። የአንድ ጀመዓ ጾምና ሶላት የሚመለከተው ቁጥር ነውና ከረመዳን በፊት፣ መብራትም በጠፋና በተመለሰ ቁጥር ያቺን አንድ መስመር እንጻፍ።

አላህ ዒባዳችንን ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።