«ስትረስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሐኪም ዘንድ ቀርበን «ስትረስ አለብኝ» ስንል ሸክሙን ነው ወይስ ሸክሙ ያደረሰብንን? በመሐንዲሶች እንግሊዝኛ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ብረት ሲጫኑት ውስጡ የሚፈጠረው ኃይል «ስትረስ»፣ መለጠጡ ደግሞ «ስትሬን» ነው።

ቃሉን በሕክምና ውስጥ ያስፋፋው፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ሆኖ የሰውነትን ምላሽ ያጠናው ሐንስ ሴልዬ ነው። ቪየና የተወለደ፣ እንደኛው እንግሊዝኛን በስደት የተጠቀመ ሰው ነበርና፣ «ስትሬን» ማለት ይሻለኝ ነበር ሲል ኋላ ላይ አምኗል።

የእኛው «ጭንቀት» ይባስ ብሎ «አንዛይቲ»ንም ይጠቀልላል። «አንዛይቲ» ግን የሥራው ጫና ካለፈ በኋላም የማይለቅ ስጋት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲጠይቅዎ እንቅልፍ ካጡ ስንት ሳምንት እንደሆነዎ፣ ልብዎ መቼ መቼ እንደሚመታ ይንገሩት። አስተርጓሚ ካለ በአማርኛ።