የሸረሪት ሐር ለምን ገበያ አይወጣም?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ማዳጋስካር ላይ ድሩ አብሯል፣ ችግሩ ሸረሪቶቹ አለማበራቸው ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ለእይታ የቀረበውን ወርቃማ የሸረሪት ሐር ጨርቅ እስቲ ጎግል አድርጉት። ቀለም አልተነከረም፣ ክሩ በተፈጥሮው ወርቃማ ነው። ለዚህ ጨርቅ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሴት ሸረሪቶች ተይዘው፣ ሐራቸው እየተሳበ ተለቀዋል። ሥራው 4 ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «ለምን አያረቧቸውም?» የሚል ነበር። አንድ ላይ ከታጎሩ ይበላላላሉ! የሐር ትል ቅጠል ካገኘ ሰላማዊ ነው፣ ሸረሪት ግን አዳኝ ናት።

እዚያው ደሴት በ2010 ለሳይንስ የተዋወቀች የዳርዊን ሸረሪት አለች። ከወንዝ ማዶ ለማዶ እስከ 25 ሜትር ክር ትዘረጋለች። ክሯን ለመበጠስ የሚያስፈልገው ጉልበት የጥይት መከላከያ ከሚሠራበት ኬቭላር 10 እጥፍ ይደርሳል።

የማዳጋስካር ደን ግን ለእርሻና ለከሰል እየተመነጠረ ነው። ከሰል ዛሬ ይሸጣል፣ ሸረሪቷ ገበያ ላይ ዋጋ የላትም። እራቱን የሚያስብ ገበሬ ላይ አልፈርድም። የክሩን ምስጢር የሚፈልገው ዓለምስ ደኑ እንዲቆም ስንት ይከፍላል?