በሰመመን የተጠራ ስም

እናንተዬ፣ ሰው በማደንዘዣ ሰክሮ የተናገረው ይቆጠርበታል እንዴ?

ሰሞኑን ለዘመድ ጥየቃ አርቦዬ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ትርፍ አንጀት ታማ፣ አሰላ ተወስዳ ኦፕራሲዮን ሆና ተመልሳለች። ምን ዋጋ አለው፣ እጮኛዋ አኩርፏል! ለካስ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ መንቃቷን ሲጠባበቅ፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ የሌላ ወንድ ስም ጠርታለች። ያውም ሦስቴ!

«ማደንዘዣው ነው በልልኝ» ብላ ለመነችኝና ልጁን አነጋገርኩት።

«እኔም አምና ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ቀኑን ሙሉ አስመለሰኝ፣ አንቀጠቀጠኝ እንጂ የማንን ስም ጠራሁ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። አዲስ አበባ ስመለስ አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ጠየቅኩ። ሳቅ አለና፣ «የሁለቱ ማደንዘዣ አንድ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አለኝ። ደውዬ ባጣራ፣ እውነትም እሱ በጭምብል የሚሳበውን ሃሎቴን የተባለ ጋዝ፣ እሷ በደም ሥር የሚሰጠውን ኬታሚን ነው የወሰዱት።

ጋዙ ሲለቅ ማቅለሽለሽና መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ኬታሚን ደግሞ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ብዙም ስለማይጥል፣ ትልቁ መሣሪያ በሌለበትም ስለሚሠራ፣ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ጣጣው ሲነቁ ነው፤ በተለይ አዋቂ ሰው ያቃዠዋል፣ ያስለፈልፈዋል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግን ይለቃል። ኑዛዜም፣ ልክፍትም አይደለም! በዚያን ሰዓት በሽተኛውን ጸጥ ባለ ቦታ መተው እንጂ መነቅነቅና መጠያየቅ ክልክል ነው።

«ታዲያ በደም ሥር የሚሰጥ ሁሉ ያቃዣል?» አልኩት። የለም! ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጣው ፕሮፖፎል በደም ሥር ቢሰጥም ሰው ረጋ ብሎ ይነቃል፤ ማቅለሽለሹም ከጋዙ ያነሰ ነው። ምርጫው እንደ በሽተኛው፣ እንደ ኦፕራሲዮኑና እንደ ሆስፒታሉ አቅም ይለያያል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ኦፕራሲዮን ካለባችሁ ለባለሙያው አትደብቁ። አውቶቡስ ላይ ያስመልሳችኋል? ከቤተሰብ በማደንዘዣ ክፉኛ የታመመ አለ? መጠጥ፣ ጫት ትወስዳላችሁ? መጨረሻ የበላችሁትስ መቼ ነው? አስታማሚም ሲነቁ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ ለልጁ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እሺ፣ ስሙስ የማን ነው?» አለ።

እሷን ጠየቅኳት፤ መጥራቷንም አታስታውስ!

ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጠሪ አክባሪ ነውና እሄዳለሁ።